ከዱላው ጎን ፋሻ፦ በዩኒቨርሲቲ በር ላይ ስለቆመው ሰው

በአገራችን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ያደረ ሰው ሁሉ ይህን ትዕይንት በአንድም ሆነ በሌላ መልኩ ሳያየው አይቀርም። ምሽት ነው። ከቤተ መጻሕፍት የሚመለስ ተማሪ በድንገት ይወድቅና ሰውነቱ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ጓደኞቹ ይጮኻሉ። ቀድሞ የሚደርሰው ሐኪም አይደለም፤ ነርስም አይደለም፤ ከማደሪያው ሕንጻ ሥር የቆመው የጥበቃ ሠራተኛ ወይም የግቢ ፖሊስ ነው። ሰውየው ቅን ነው፤ መርዳትም ይፈልጋል። ስለዚህ ልጅ ሳለ በሰፈሩ ያየውን ያደርጋል፤ ክብሪት ጭሮ ጢሱን ከተማሪው አፍንጫ ሥር ያስጠጋል። ሌላው ደግሞ ጥርሱን ለማላቀቅ ማንኪያ ፍለጋ ይሮጣል።

ሁለቱም መደረግ የሌለባቸው ናቸው። መደረግ ያለበት ቀላል ነው፤ በዙሪያው ያለውን የሚጎዳ ነገር ማራቅ፣ ከጭንቅላቱ ሥር ኮት ወይም ጋቢ አጥፎ ማድረግ፣ በአፉ ምንም አለመክተት፣ ሰዓት መመልከት፣ መንቀጥቀጡ ሲያበቃ በጎኑ ማስተኛት፣ አምስት ደቂቃ ካለፈው ደግሞ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ። ይህን ለመማር ግማሽ ቀን አይፈጅም። ታዲያ በየበሩ ላይ ሌሊትና ቀን የሚቆመው ሰው ይህን ዕውቀት ከሥራው እንደ አንዱ አድርጎ እንዳይዘው ያደረገው ምንድን ነው? ጥያቄው የሕክምና ይምሰል እንጂ መልሱ ያለው በታሪክ ውስጥ ነው። በር ላይ የምናቆመውን ሰው ለምን እንደምናቆመው የሚነግረን ታሪክ ነውና።

ሕክምና ከደም በኋላ

በአገራችን ድንገተኛ ጉዳት ለብዙ ዘመን የሚታከመው በወጌሻ እጅ ነበር። አጥንት የሚያቃናው፣ ወለምታ የሚያሸው ወጌሻ እስከ ዛሬም ሥራ አልፈታም። የታመመ ሰው ደግሞ በቃሬዛ፣ በጎረቤት ትከሻ ይጓዛል። ይህ የማኅበረሰብ ግዴታ እንጂ የመንግሥት አገልግሎት አልነበረም።

መንግሥት ወደዚህ ጉዳይ የገባው በጦርነት በኩል ነው፤ ሁልጊዜም ዘግይቶ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ድል ሲገኝ ለቁስለኛው የተዘጋጀ የተደራጀ የሕክምና ክፍል አልነበረም። የሩሲያ ቀይ መስቀል የሕክምና ልዑካን አዲስ አበባ የደረሱት ከጦርነቱ በኋላ ወራት ካለፉ ወዲህ ነው። የሩሲያውያኑ ሕክምና ለዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል መንገድ ጠራጊ ሆነ፤ ነገር ግን በጦር ሜዳው ላይ በመጀመሪያው ሰዓት ደሙ ለፈሰሰው ሰው የደረሰለት የለም።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመውም የፋሺስት ወረራ ደጃፍ ላይ በደረሰበት ጊዜ፣ ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። ከወራት በኋላ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ በደቡብ ግንባር በመልካ ዲዳ የሰፈረውን፣ በዶክተር ፍሪደ ሒላንደር የሚመራውን የስዊድን ቀይ መስቀል የመስክ ሆስፒታል የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደበደቡት፤ ብዙ ቁስለኞችና አንድ ስዊድናዊ ረዳት ሞቱ። የእንግሊዙን አምቡላንስ ይመሩ የነበሩት ዶክተር ጆን ሜሊም ንጉሠ ነገሥቱ ከወጡ በኋላ አዲስ አበባ ስትዘረፍ፣ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. መጨረሻ፣ መንገድ ላይ የወደቀ ቁስለኛ ሲረዱ በጥይት ተመትተው ሕይወታቸው አለፈ። በእነዚያ ቀናት መሣሪያ የያዘውና ፋሻ የያዘው ሰው ፈጽሞ የተለያዩ ነበሩ። ይህ መለያየት በቀጠሉት ዘመናትም በመንግሥታችን አሠራር ውስጥ ሰርጾ ቀረ፤ አንዱ ያስከብራል፣ ሌላው በኋላ መጥቶ ያክማል።

ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. የፖሊስ አዋጅ ወጣ፤ ከአራዳ ዘበኛ ዘመን ወዲህ በተበታተነ መልክ የነበረው ጥበቃ በአንድ ሠራዊት ሥር ተደራጀ። በ1947 ዓ.ም. ደግሞ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ያስመርቅ ጀመር። በየጤና ጣቢያው ቁስል የሚያጥበውና መርፌ የሚወጋው ድሬሰርም የዚያ ዘመን ሰው ነው። ሁለቱ ተቋማት፣ ፖሊሱና ጤናው፣ ጎን ለጎን አደጉ፤ ግን እምብዛም አልተገናኙም።

የቤተ መንግሥት በር

የዩኒቨርሲቲ በር ታሪክ ራሱን የቻለ ነው። የስድስት ኪሎው ግቢ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። በታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት የታገቱት መኳንንትና ሚኒስትሮች በመትረየስ የተረሸኑት እዚያው ውስጥ፣ አረንጓዴው ሳሎን በሚባለው ክፍል ነው። በ1954 ዓ.ም. ያው ቤተ መንግሥት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ትርጉሙን ልብ ይሏል፤ የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲያችን በር ቀድሞ ንጉሥን ከሕዝብ ለመጠበቅ የተሠራ በር ነበር። በሩ ባለቤቱን ቢለውጥም ልማዱን ወዲያው አልለወጠም።

ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ኅብረት ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በግቢው አቅራቢያ በጥይት ተመትቶ ሞተ። በማግስቱ አስከሬኑን ይዘው የተሰበሰቡትን ተማሪዎች የክብር ዘበኛ ወታደሮች ግቢ ገብተው በተኗቸው፤ ተማሪዎችም ተገደሉ። ከ31 ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 1993 ዓ.ም.፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ የታጠቀ ፖሊስ ከግቢያችን ይውጣ የሚል ነበር። ሚያዝያ 9 እና 10 ከተማው ታመሰ፤ ከ30 በላይ ሰዎች ሞቱ። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተሰብስበው በቴሌቪዥን ኳስ ሲመለከቱ ፈንጂ ፈነዳ፤ መንግሥት በሰጠው መግለጫ መሠረት አንድ ሰው ሞቶ 70 ያህል ቆሰሉ። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎች ተገደሉ፤ ሁከቱም ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተዛመተና የፌዴራል ፖሊስ በየግቢው ተሰማራ።

እነዚህን ቀኖች የምዘረዝረው ያረጀ ቁስል ለመነካካት አይደለም። በእያንዳንዳቸው ላይ የተደረገውን ክርክር ግን እናስታውስ። አንዱ ወገን ፖሊስ ይግባ ይላል፣ ሌላው ይውጣ ይላል። ስንት ይሁን፣ ምን ይታጠቅ፣ ለማን ይታዘዝ በሚለው ላይ ብዙ ተነጋግረናል። የወደቀ ሰው ሲያገኝ ምን ማድረግ ይችላል የሚለውን ግን የጠየቅነው ከስንት አንዴ ነው። በጥይትም ይሁን በድንጋይ ወይም በፈንጂ ስብርባሪ፣ ትልቅ የደም ሥሩ የተበጠሰ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። ልቡ የቆመ ሰውም አንጎሉ ከአራት እስከ ስድስት ደቂቃ ካለፈ በኋላ መጎዳት ይጀምራል። በእነዚያ ደቂቃዎች አጠገቡ ያለው ጓደኛው ነው፤ አለዚያም ዩኒፎርም የለበሰው ሰው ነው።

ከጭላሎ ሥር

ወደ አሰላ ልውሰዳችሁ። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 175 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጭላሎ ተራራ ሥር የተቀመጠች ደጋ ከተማ ናት። ዓለም የሚያውቃት በሯጮቿ ነው፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የዚህ አገር ልጅ ነው፤ ደራርቱ ቱሉና ቀነኒሳ በቀለም ወደ ደቡብ ከምትገኘው ከበቆጂና ከአካባቢዋ የወጡ ናቸው። ለኔ ጉዳይ ግን አርሲ የምትጠቅመኝ በሌላ ታሪኳ ነው።

አርሲ ወደ ማዕከላዊው መንግሥት የተጠቃለለችው በ1870ዎቹ ከብዙ ውጊያ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ለደጋው ገበሬ መሣሪያ የያዘ የመንግሥት ሰው ሲመጣ ግብር ወይም የመሬት ጉዳይ ይዞ ነበር የሚመጣው። ይህ ትዝታ በቀላሉ አይፋቅም፤ ከመስከረም 2009ኙ የቢሾፍቱ እሬቻ በኋላ ደግሞ ታደሰ። በዚያ ዕለት አስለቃሽ ጢስ ከተተኮሰ በኋላ ሕዝቡ ተረጋግጦ፣ ገደልና ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ፣ በመንግሥት ቁጥር 55 ሰዎች ሞቱ፤ ሌሎች ወገኖች ቁጥሩ ከዚያ እጅግ ይበልጣል ብለዋል። መተንፈስ ያቃተውን ሰው ከክምሩ አውጥቶ የአየር መንገዱን መክፈት የሚችል ሠራዊት ጢሱን ለመተኮስ ከሚችለው ሠራዊት እኩል ሠልጥኖ ቢሆን ኖሮ ስንቱ ይተርፍ ነበር ብሎ መጠየቅ የዋህነት አይመስለኝም።

ይሁንና አርሲ ሌላም ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ1967 የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅትን፣ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ካዱ የተባለውን፣ መቀመጫውን አሰላ አድርገው አቋቋሙ። በመልካ ዲዳ በቦምብ የተመታውን ፋሻ ያመጣች አገር ከ30 ዓመት በኋላ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ይዛ መጣች ማለት ነው። ከአሰላ በቅርብ ርቀት ያለው የቁሉምሳ የምርምር ጣቢያም የዚያ ዘመን ፍሬ ነው። የካዱ ሥራ በአንድ ቀላል ሐሳብ ላይ የቆመ ነበር፤ ባለሙያ ለእያንዳንዱ ገበሬ አይበቃም፤ ስለዚህ ከገበሬዎች መካከል ሞዴል ገበሬ ይመረጣል፣ እርሱ ይማራል፣ ጎረቤቶቹ ደግሞ ከአጥሩ በላይ አይተው ይማራሉ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም ሞዴል ቤተሰብ ሲል የተከተለው ይህንኑ መንገድ ነው። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች ለአንድ ዓመት ሠልጥነው በየቀበሌው ተመደቡ። ከሚያስተምሯቸው ፓኬጆች አንዱ የመጀመሪያ ርዳታ ነው። እንግዲህ የገጠር ቀበሌ እናት እንድትማረው የታሰበላትን ዕውቀት የዩኒቨርሲቲ ጥበቃ አይማረውም ለማለት ምን ምክንያት ይኖራል?

ካዱ የሚያስተምረን መራራ ትምህርትም አለው። ምርቱ ሲያድግ የመሬቱ ዋጋ አደገ፤ ባለመሬቶቹ ትራክተር እየገዙ ጭሰኞቻቸውን ማፈናቀል ጀመሩ። ሥልጠናው መልካም ነበር፤ በሥልጠናው ዙሪያ የነበረው የሥልጣን ሚዛን ግን መልካም አልነበረም፤ ስለዚህ ጥቅሙ ወደ ጠንካራው አጋደለ። ለፖሊስ የሕክምና ሥልጠና እንስጥ ስንልም ይህን መርሳት የለብንም፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

ዛሬ አሰላ ከብዙ ከተሞች የተሻለ ዕድል አላት። በ2006 ዓ.ም. ከአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተለይቶ የተቋቋመው የአርሲ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ኮሌጅና የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው። አስተማሪው፣ ሆስፒታሉ፣ ተማሪውና ጠባቂው በአንድ ተቋም ሥር ናቸው። በሌላ አገር ስምምነት ተፈራርሞ፣ በጀት አስፈቅዶ፣ አማካሪ ቀጥሮ የሚገናኘው ነገር እዚህ በአንድ የውስጥ ደብዳቤ ሊገናኝ ይችላል። የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ወይም የነርስነት ተማሪ ለግቢው ጥበቃ ሁለት ቀን ደም ማቆምን፣ ደረት መጫንን፣ የተሰበረ እግር ማሰርን ቢያስተምር ሁለቱም ያተርፋሉ፤ አንዱ ማስተማር ይለማመዳል፣ ሌላው ማዳን። የአርሲ ደጋ መንገድ ደግሞ ይህን አጥብቆ ይሻል። ከኢተያ እስከ በቆጂ በሚዘልቀው መስመር አውቶቡስ ሲገለበጥ አምቡላንሱ እስኪደርስ ቁስለኛውን የሚያነሳው ባጃጅ ወይም አይሱዙ ነው።

ከባሕር ማዶ

ፖሊስና ሕክምናን ማገናኘት አዲስ ነገር አይደለም፤ በክፉ መንገድም በደግ መንገድም ተሞክሯል። በአሜሪካዋ ፒትስበርግ እስከ 1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሽተኛን የሚያመላልሰው ፖሊስ ነበር፤ ግን ያለ ሥልጠና፣ እስረኛ በሚጫንበት መኪና። በ1966 የከተማዋ የቀድሞ ከንቲባና የፔንሲልቬንያ የቀድሞ ገዢ ዴቪድ ሎረንስ ንግግር እያደረጉ ሳለ ወድቀው በዚያው ዓይነት አገልግሎት ሆስፒታል ደረሱ፤ አልነቁም፤ ከቀናት በኋላ ሞቱ። የልብ ማነቃቂያ ዘዴን ካዳበሩት አንዱ የነበሩት ሐኪሙ ፒተር ሳፋር በማግስቱ ዓመት የተቋቋመውን ፍሪደም ሐውስ የተባለ የአምቡላንስ አገልግሎት ሠራተኞች አሠለጠኑ። ሠልጣኞቹ ከከተማው ድሃ ሰፈር የወጡ፣ ብዙዎቹ ሥራ አጥ የነበሩ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። ለዘመናዊው የፓራሜዲክ ሙያ መሠረት ከጣሉት ዋነኞቹ እነርሱ ናቸው። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ጉድለቱ የሰው ዓይነት አልነበረም፤ የሥልጠና ነበር።

ሚያዝያ 8 ቀን 1999 ዓ.ም. በቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ አንድ ታጣቂ 32 ሰዎችን ሲገድል ደግሞ ከፖሊሶቹ ጋር ሁለት የሕክምና ሥልጠና ያላቸው አባላት ወደ ሕንጻው ገብተው ቁስለኞችን እዚያው ለይተው ደም አቁመዋል፤ ከዳኑት መካከል ሕይወታቸውን ለእነዚያ ደቂቃዎች የሚያበድሩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ ማንኛውም ሰው ደም ማቆምን እንዲማር የተጀመረው ዘመቻም ከእንዲህ ዓይነት እልቂቶች የተወሰደ ትምህርት ነው።

እኛም ባዶ እጃችንን አይደለንም። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ2010 ተጀምሮ የመጀመሪያዎቹ ሐኪሞች በ2013 ተመርቀዋል። የማደንዘዣ ነርስ የነበሩት ክብረት አበበ ቤታቸውን ሸጠው ጠብታ አምቡላንስን መሥርተዋል፤ ድርጅቱም የአምቡላንስ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። የቀይ መስቀል 907 በከተማው ሰው ዘንድ የታወቀ ቁጥር ነው። የጎደለው በሐኪሙና በወደቀው ሰው መካከል ያለው የመጀመሪያው እጅ ነው።

ሕጉና ክርክሩ

ሕጉስ ምን ይላል? የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 575 በሕይወቱ ላይ ከባድ አደጋ የተደቀነበትን ሰው መርዳት እየቻለ ያልረዳን ሰው ይቀጣል፤ በሙያው ወይም በውሉ መሠረት የመርዳት ግዴታ ያለበት ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል። ስለዚህ የጥበቃ ሠራተኛን ወይም ፖሊስን ያለ ሥልጠና በር ላይ ማቆም እርሱንም መበደል ነው። ቢያየው ይጠየቃል፣ ቢነካው ያበላሻል።

ከሁለት ወገን የሚነሳ ተቃውሞ አለ። የመጀመሪያው፦ ፋሻ የያዘ ፖሊስ ዱላውን አይጥልም፤ ሥልጠናው ለተቋሙ የመልካም ገጽታ ማስዋቢያ ይሆናል፤ በሰልፍ ላይ የቆሰለ ተማሪም የሚያክመው ሰው ያስረኛል ብሎ ቁስሉን ይደብቃል። ይህ ፍርሃት ከታሪካችን የወጣ ነው፤ በአንድ ቃል አይፈታም። መፍትሔው ሥልጠናውን መተው ሳይሆን በደንብ ማጠር ነው። ርዳታ ከጥያቄ ይቀድማል፤ ስም ከመመዝገቡ በፊት ደም ይቆማል፤ ርዳታ ሰጪው ያየው የሕመም ምልክት በፖሊስ መዝገብ ላይ አይሰፍርም፤ ወደ ሆስፒታል የሚሄድ ተሽከርካሪ በበር ላይ አይፈተሽም። እነዚህ ካልተጻፉና ካልተከበሩ የካዱን ስሕተት እንደግማለን፤ ዕውቀቱን እንሰጥና ጥቅሙን ለጠንካራው እንተዋለን።

ሁለተኛው ተቃውሞ፦ በጀት የለም፣ የጥበቃ ሠራተኛው የተማረ አይደለም፣ ይረሳዋል። እውነት ነው፤ ይረሳዋል። ደረት የመጫን ችሎታ ካልተደጋገመ በጥቂት ወራት ውስጥ እንደሚዳከም የታወቀ ነው። ለዚህም ነው አንድ ጊዜ ሠርተፍኬት አድሎ ፎቶ መነሳት ሥልጠና የማይባለው። በዓመት ሁለት ጊዜ መደገም አለበት። ወጪው ግን ጓንት፣ ፋሻ፣ ጥቂት ቱርኒኬትና የልምምድ አሻንጉሊት ነው፤ ከአንድ የምረቃ በዓል ድንኳን ኪራይ የሚበልጥ አይመስለኝም። የትምህርት ደረጃን በተመለከተ ደግሞ የፒትስበርግን ሰዎች ያስታውሷል።

ለማጠቃለል፦ በዐድዋ ሐኪሙ ከወራት በኋላ ደረሰ፤ በ1928 ፋሻ የያዘው ሰው ራሱ ተገደለ፤ በ1962 ዩኒፎርም የለበሰው ሰው ወደ ግቢው ሲገባ በሕይወት ያለውን ለመርዳት አልነበረም፤ ለአስከሬን ነበር የመጣው። ይህ ታሪክ በአንድ ሥልጠና አይለወጥም። ነገር ግን አሰላ ላይ፣ አንድ ምሽት፣ ከጭላሎ በሚነፍሰው ብርድ ውስጥ የወደቀች ተማሪ ዓይኗን ስትገልጥ አጠገቧ ተንበርክኮ ሰዓቱን የሚመለከተውን የጥበቃ ሰው ብታይ፣ እርሷም ጓደኞቿም ስለዚያ ዩኒፎርም የሚያስቡት ከዚያ ቀን በፊት ያስቡት የነበረውን ብቻ አይሆንም። መተማመን በመግለጫ አይገነባም፤ በእንዲህ ዓይነቱ እጅ ይገነባል።

የዩኒቨርሲቲ አመራር የሆናችሁ አንባብያን፤ ነገ ጠዋት በበራችሁ ስትገቡ የጥበቃውን ሰው ሰላም ካላችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ አሁን እዚህ ሰው ቢወድቅ ምን ታደርጋለህ? መልሱ ክብሪት ከሆነ፣ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም።